ካውንስሉ ዋሴ ነው

አገር ቤት ሾፌር ሆኖ ለመቀጠር መንጃ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። ዋስ አምጣ ይባላል። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱም አድራሻውም የሚታወቅ ሰው ቀርቦ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ቢያጠፋ እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ይፈርማል። ዋስ ፍለጋ የዘመድ ደጅ የጠና ሁሉ የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። ሰው ስሙን ለሌላ ሰው መያዣ የሚያደርገው በቀላሉ አይደለም።

እንግሊዝ አገር መጥቼ በአንድ የሰሜን ከተማ ሚኒካብ የሚሉትን በትእዛዝ የሚሠራ ታክሲ መንዳት ስጀምር ዋስ አምጣ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዋሱ ራሱ የከተማው ምክር ቤት፣ እኛ በአፋችን ካውንስል የምንለው ሆኖ አገኘሁት። ያለ እሱ ፈቃድ በገንዘብ ሰው አሳፍሬ አንድ መንገድ መሻገር አልችልም። ፈቃዱን ሲሰጠኝ ደግሞ ለከተማው ሕዝብ ሁሉ «ይህን ሰው መርምረነዋል፤ መኪናው ውስጥ ብትገቡ አትስጉ» ማለቱ ነው። አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ባጅ ፎቶዬን፣ ቁጥሬን፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንና የካውንስሉን ዓርማ ይዟል። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዋን የምትሳፈር ወጣት እኔን አታውቀኝም፤ የምታምነው ያንን ዓርማ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ፈቃዱ በእኛ በሾፌሮቹ ዘንድ ክብሩን እያጣ መምጣቱ ነው። በተሰበሰብንበት ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽም ይሁን በቡና ላይ፣ ወሬው አንድ ነው፦ ካውንስል ገንዘብ ይወስዳል፣ ካውንስል ያጉላላል፣ የትኛው ካውንስል ቶሎ ይሰጣል? መጉላላቱ እውነት ነው፤ እኔም ደርሶብኛል። ነገር ግን ዋስትናው ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን እኛንም እንደሚጠብቀን የተረሳ ይመስለኛል።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በዚህ አገር ሰው በጅምላ ታክሲ የሚላቸው መኪኖች በሕግ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መንገድ ላይ እጅ ሲነሣለት የሚቆም፣ በታክሲ መቆሚያም ተሰልፎ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ነው፤ የለንደኑ ጥቁር ታክሲ የዚህ ወገን ነው። ከለንደን ውጭ ይህን ዓይነቱን የሚገዛው ሕግ እስከ ዛሬም መሠረቱ በ1847፣ በፈረስ ጋሪ ዘመን የወጣው ነው (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው የእኛ ነው። በስልክ ወይም በመተግበሪያ፣ ፈቃድ ባለው ኦፕሬተር በኩል አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር ሰው መጫን አይችልም። ይህኛው ከለንደን ውጭ የራሱን ሕግ ያገኘው በ1976 ነው። ለንደን ግን እስከ 1998 ድረስ ለሚኒካብ ሕግ አልነበራትም፤ መኪና ያለው ሰው ማንም ሳይመረምረው ይሠራ ነበር። ቀደም ብለው የመጡ አንዳንድ ታላላቆቻችን ያንን ዘመን በናፍቆት ያወሩታል። እኔ እኅቶቼን ሳስብ አይናፍቀኝም።

ሕጉ ሦስት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለሾፌሩ፣ ለመኪናውና ሥራውን ተቀብሎ ለሚያከፋፍለው ኦፕሬተር። ሦስቱም ከአንድ ካውንስል የወጡ መሆን አለባቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

«አስቀድሞ መታዘዝ» የሚለው ነገር ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ የጭፈራ ቤቶቹ ሰውን ሲያወጡ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት አንዲት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ መስኮቴን አንኳኳች። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። «እባክህ፣ ጥሬ ገንዘብ አለኝ፤ ቤቴ ሩቅ አይደለም» አለችኝ። ባዶዬን ነኝ፤ መንገዷም መንገዴ ነው። ብጭናት ግን ወንጀል ነው። ያልታዘዘ ጉዞ ላይ ደግሞ ኢንሹራንሱ አይሠራም፤ ግጭት ቢደርስብን ለእሷም ለእኔም የሚቆም የለም። ከሁሉ በላይ ማን እንደ ወሰዳት የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም። ትእዛዝ ሲመዘገብ የትኛው መኪና፣ የትኛው ሾፌር፣ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰዓት የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። መኪናዬን ቆልፌ መንገዱን አሻገርኳትና በታክሲ መቆሚያው ላይ ካለው ወረፋ አስከባሪ ጋር አገናኘኋት። ያን ዕለት ያጣሁት ሒሳብ አይቆጨኝም። ሴት ልጅ ያገኘችው መኪና ውስጥ የምትገባበት ከተማ ለክፉ ሰው የተመቸ ከተማ ነው።

አሁን ወደ ማጣሪያው ልምጣ። ሕጉ አመልካቹ «ብቁና ተገቢ ሰው» መሆኑን ካላረጋገጠ በቀር ካውንስሉ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዝዛል። ብቁና ተገቢ ማለት ምን እንደሆነ ግን አያብራራም። ስለዚህ በተግባር የሚታየው የወረቀት ክምር ነው። ከተራው ጠለቅ ያለ የወንጀል መዝገብ ምርመራ አለ፤ ከሕፃናትና ከአቅመ ደካሞች ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎች ዝርዝርም አብሮ ይታያል። ለከባድ መኪና ሾፌሮች በሚጠየቀው ደረጃ የሚደረግ የሐኪም ምርመራ አለ። የመንጃ ፈቃድ ታሪክ፣ በአገሩ የመሥራት መብት፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ፈቃድ ሲታደስ ለግብር መመዝገብን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል። የወንጀል መዝገቡም አንዴ ታይቶ የሚቀር አይደለም፤ መንግሥት በ2020 ያወጣው መመዘኛ በየስድስት ወሩ እንዲታይ ይላል። ለሌላ ሥራ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ የሚተው ጥፋት ለእኛ አይተውም። በእጁ ስልክ ይዞ ሲነዳ ተገኝቶ የተፈረደበት አምስት ዓመት፣ በማጭበርበር የተፈረደበት ቅጣቱን ከጨረሰ ሰባት ዓመት፣ በድብደባ የተፈረደበት ቅጣቱን ከጨረሰ አሥር ዓመት ሳይሞላው ፈቃድ እንዳያገኝ ይኸው መመዘኛ ይመክራል። በወሲብ ወንጀል የተፈረደበት ከነጭራሹ አያገኝም።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በሌላ ወረቀት ነው። የእንግሊዙ ምርመራ የሚያሳየው እዚህ አገር የሠራኸውን ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ ከኖርክበት አገር ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ አምጣ ትባላለህ። ለኢትዮጵያዊ ይህ ማለት ለንደን ወርዶ በኤምባሲው አሻራ መስጠትና ውክልና መስጠት፣ ውክልናውን አገር ቤት ላለ ዘመድ መላክ፣ ዘመድ ደግሞ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከዚያ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሲመላለስ መክረም ነው። በዚህ መካከል ስንት ጊዜ «ነገ ተመለስ» እንደሚባል የደረሰበት ያውቀዋል። ሱዳን ወይም ሳውዲ ዓመታት ቆይቶ የመጣ ሰው ከእነዚያም አምጣ ሊባል ይችላል።

ስደተኛውስ? ከመንግሥት ሸሽቶ ጥገኝነት የተሰጠውን ሰው ከዚያው መንግሥት ፖሊስ ዘንድ ሄደህ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ አምጣ ማለት ምን ይሉታል? ሁላችን ጋሼ የምንላቸው አንድ ታላቃችን በዚህ ጉዳይ ሲመላለሱ ከርመው ለማስተርጎም አብሬያቸው ሄድኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን እንደገና ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ እነሱ ዘንድ ብሄድ የሚሰጡኝ ደብዳቤ አይደለም» አሉ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ብዕሯን አስቀመጠች፤ ወደ ውስጥ ገብታ ቆይታ ሌላ ቅጽ ይዛ መጣች። በሕግ ባለሙያ ፊት በመሐላ የሚሞላ መግለጫና እዚህ አገር ለዓመታት የሚያውቋቸው ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት በቂ ነው ተባለ። አንዱን ቄሱ፣ ሁለተኛውን የመጋዘን አለቃቸው የነበረው ሰው ጻፉላቸው። ቅጹ ከመጀመሪያውም ነበር። ያን ሁሉ ወራት የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ጋሼ ተርጓሚ ይዘው ሄደው መብታቸውን አገኙ፤ ተርጓሚ የሌለው ስንቱ ከዚያች ጠረጴዛ ፊት ተመልሶ መጋዘን እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው። ጥብቅነቱን እደግፋለሁ። ይህን ዓይነቱን ዝምታ ግን አልደግፍም፤ ሰውን ማጣራትና ሰውን መመለስ አንድ አይደሉም።

ፈተናም አለ። የለንደን ጥቁር ታክሲ ሾፌሮች ከ1865 ጀምሮ የሚፈተኑት ፈተና ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በ6 ማይል ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃል የሚያስጠና ነው፤ የእኛ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የአካባቢውን ዋና ዋና ቦታዎች፣ ሕጉን፣ እንግሊዝኛውን፣ ሕፃናትን ከጥቃት መጠበቅን፣ አካል ጉዳተኛን ማስተናገድን ይጠይቃል። እኔን የለወጠኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

እኛ ያደግነው የውሻ ቦታ ግቢ ነው በሚል አገር ነው። ቤት አይገባም፤ ልብስ ሲነካ ሰው ይቆጣል። ሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ «ማየት የተሳነው ሰው ከመሪ ውሻው ጋር ቆሞ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ዝም አለ። ከሶማሊያ፣ ከፓኪስታን፣ ከኤርትራ፣ ከእኛም አገር የመጣ ሰው ነበር፤ ሁሉም ዝም። ሕጉ ግን አያሻማም። ውሻውን መጫን ግዴታ ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም። ከግዴታው ነጻ የሚያደርገው በሕክምና ምክንያት ካውንስሉ ራሱ የሚሰጠው ወረቀት ብቻ ነው። እምቢ ያለ ሾፌር ፍርድ ቤት ቀርቦ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ ፈቃዱም ያሰጋዋል።

ከዚያ በኋላ ውሻ ይዛ የመጣች የመጀመሪያዋ ተሳፋሪዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። በሩን በእጃቸው ዳስሰው ገቡ። ውሻው እግራቸው ሥር ተጠቅልሎ ተኛ፤ አገጩን ጫማቸው ላይ አድርጎ እስክንደርስ አልተንቀሳቀሰም። መንገድ ላይ ጠዋት ስላዘዙት ሌላ መኪና አጫወቱኝ። «መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ሰማሁት። ከዚያ እንደገና ሲፈጥን ሰማሁት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሾፌሩ ውሻውን አይቶ እንዳላየ አልፏቸው መሄዱ ነው። እሳቸው የማያዩ ስለሆነ የሚያውቅባቸው የለም ብሎ አስቦ ይሆናል። የሞተሩን ድምፅ ግን ሰምተዋል። እኔ ውሻ ስለማልወድ የሚለው ምክንያት ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፌ አይወጣም። የተሳፋሪውን ዕለት፣ የሐኪም ቀጠሮውን፣ የልጁን ሠርግ በአንድ እግር ጫና ማበላሸት የሚችል ሰው ፈቃድ ባይጠየቅ ነበር የሚገርመኝ።

ጥብቅነቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ ሮዘርሃም የምትባለውን የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ማንሣት ግድ ነው። በኦገስት 2014 ፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ያቀረቡት ሪፖርት ከ1997 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በዚያች ከተማ ቢያንስ 1,400 ሕፃናት የወሲብ ጥቃት ሰለባ እንደሆኑ ገመተ። የታክሲ ሾፌሮች በነገሩ ውስጥ ጎልተው እንደሚታዩም ሪፖርቱ ሳይሸሽግ ጻፈ። በፌብሩዋሪ 2015 መንግሥት ያዘዘው የሉዊዝ ኬሲ ምርመራ ተከተለ፤ የካውንስሉ ሥልጣን ከላይ በተሾሙ ኮሚሽነሮች እጅ ገባ፤ የታክሲ ፈቃድ አሰጣጡም አብሮ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሕጓን አጠበቀች፤ በመኪኖቹ ውስጥ ካሜራ እስከ ማስገጠም ደረሰች።

«ጥቂቶች ባጠፉት ሁላችን ለምን እንከሰሳለን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። ያ ዜና በየቴሌቪዥኑ በሚወራበት ሰሞን ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጦ በመስታወቱ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። መልኬ የእነሱን አይመስልም፤ አነጋገሬ ሌላ ነው። ያንን ጥያቄ እኔ በቃሌ ልመልሰው አልችልም ነበር። የመለሰልኝ ባጁ ነው። ማጣሪያው ላላ በተባለበት አገር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሩቅ የመጣው ሰው ነው፤ ንጹሑም ከወንጀለኛው እኩል ይታያል። ስለዚህ ማጣሪያው ይጥበቅ ብሎ በመጀመሪያ መጮህ ያለበት ስደተኛው ሾፌር ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ነው ያ «ሦስቱም ከአንድ ካውንስል» ያልኩት ነገር የሚመጣው። ሦስቱ ፈቃዶች ከአንድ ቦታ ይሁኑ እንጂ፣ ሾፌሩ በየትኛው ከተማ ይሠራል የሚለውን ሕጉ አይገድብም። በ2015 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ደግሞ ኦፕሬተር የተቀበለውን ትእዛዝ በሌላ አካባቢ ፈቃድ ላለው ኦፕሬተር እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጡት ባለሥልጣናት ከ250 በላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ፣ የራሱ ሥልጠና፣ የመኪና ዕድሜ የራሱ ገደብ አለው። አንዱ የኋላ መስታወት ጥቁር ከሆነ አልቀበልም ይላል፤ ጎረቤቱ ግድ የለውም። ስለዚህ ሰው ቶሎ የሚሰጠውንና የሚረክሰውን ፈልጎ መሄድ ጀመረ። ብዙው የሄደው ወደ ዎልቨርሃምፕተን ነው። የዚያ ከተማ ካውንስል ፈቃድ የያዙ ሾፌሮች ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ከዚያች ከተማ ውጭ ይሠራሉ። ማንቸስተር ውስጥ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን መኪኖች በር ላይ ያለውን ዓርማ ብታዩ ትረዱታላችሁ።

ዎልቨርሃምፕተንን አልወቅስም። የሠራው ነገር ሕጋዊ ነው፤ ማመልከቻውን በኢንተርኔት አድርጎ ሥራውን አቀላጥፏል፤ ተቆጣጣሪዎቹንም ወደ ሌሎች ከተሞች ይልካል። ሄደው ያወጡትንም አልወቅስም። የቤት ኪራይ ያለበት፣ መኪናውን በብድር የገዛ የልጆች አባት በከተማው ካውንስል ወራት ጠብቅ ሲባል፣ ሌላው በአጭር ጊዜ እሰጥሃለሁ ካለው ምን ያድርግ? ወቀሳው የሚገባው ማመልከቻን ለወራት አስቀምጦ ስልክ ለማያነሣው ካውንስል ነው። ሾፌሮቹን ያባረራቸው ራሱ ነው።

ነገር ግን ዋስ ማለት የሚያውቅህ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት በመኪና ርቆ ያለ፣ የምትሠራበትን ጎዳና አይቶ የማያውቅ ዋስ ምን ያደርጋል? የእኔ ከተማ ተቆጣጣሪ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ጎማው ያለቀ መኪና ቆሞ ቢያይ፣ መኪናው የሌላ ካውንስል ሰሌዳ ካለው በአብዛኛው ማስታወሻ ይዞ ከማሳወቅ የዘለለ ሥልጣን የለውም። በ2022 የወጣ ሕግ ይህን በጥቂቱ አሻሽሏል፤ የሌላ ካውንስል ሾፌር በደኅንነት ረገድ ጥፋት ሲያጠፋ ያየ ካውንስል በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ፈቃድ ለሰጠው ማሳወቅ አለበት፤ ያኛውም በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ምን እንዳሰበ መመለስ አለበት። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ፈቃድ የተከለከሉና የተነጠቁ ሾፌሮች የሚመዘገቡበትን አገር አቀፍ መዝገብ መመልከት ግዴታ ሆኗል፤ አንዱ ጋ ተባርሮ ሌላው ጋ እንደ አዲስ መቅረብ ድሮ እንደነበረው አይደለም። ጥሩ ነው። ደብዳቤ በሚመላለስበት ጊዜ ግን ሾፌሩ እየሠራ ነው።

የአካባቢ ዋስ ለሾፌሩም እንደሚጠቅም ያየሁበትን ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ አቤቱታ ቀርቦበት በፈቃድ ሰጪው ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አሮጊት ተሳፋሪን ከቤታቸው ደጅ ሳይሆን ከመንገዱ ጫፍ አውርዷቸው ሄደ ተብሎ ነው። ካውንስል የሕዝብን ደኅንነት ያሰጋል ካለ ፈቃድን ወዲያውኑ ማገድ ወይም መንጠቅ ይችላል፤ በ21 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ እስከዚያ ግን እንጀራ የለም። ሦስት የምክር ቤት አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ ወዲያ ተቀምጠዋል። ወዳጄ ክራቫት አድርጎ ላብ በላብ ሆኗል፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶበታል። መንገዱ በቁፋሮ ተዘግቶ እንደነበር፣ ሻንጣቸውንም ተሸክሞ እስከ በራቸው እንዳደረሳቸው ሊናገር ቢሞክር አልሆነለትም። ከአባላቱ አንዷ ወረቀቱን ስታገላብጥ ቆይታ «ይህ መንገድ እኔ ከምኖርበት ሁለት መንገድ ይርቃል። በዚያ ሳምንት የውሃ ቱቦ ሊቀይሩ ቆፍረውት ነበር፤ መኪና አያስገባም» አለች። ነገሩ እዚያው አለቀ። ያችን ቃል ከሩቅ ከተማ ያለ ኮሚቴ ማን ይናገርለት ነበር?

አዲስ አበባ ላይ ያደግሁ ሰው ይህ ነገር አዲስ ሊሆንብኝ አይገባም። የሠፈራችን የላዳ ሾፌር ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርስ ነበር፤ እናቶች ያምኑት የነበረው ቤቱን፣ ሚስቱን፣ የነፍስ አባቱን ሳይቀር ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ራይድና ፈረስ መጥተው ሰው በስልኩ ከማያውቀው ሾፌር ጋር ይገናኛል፤ መልካም ሥራ ነው፤ ሴቶችም መንገድ ላይ ከመጋፋት ድነዋል። ግን በሠፈር ትውውቅ ፈንታ ማን ዋስ ይሁን የሚለው ጥያቄ እዚያም መመለስ ያለበት ነው። መተግበሪያው ብቻ አይበቃም። እዚህ አገር ኡበር ሾፌሮቹ የራሳቸው አለቃ ናቸው ሲል ኖሮ፣ በፌብሩዋሪ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሠራተኛ መብት አላቸው ብሎ እስኪወስን ድረስ ስንት ዓመት ሙግት ፈጀ። ለሾፌሩ መብት ያን ያህል ትግል የጠየቀ ድርጅት፣ ለተሳፋሪው ደኅንነት ብቻውን ዋስ ይሁን ብዬ አላምንም።

እኔም ጠዋት ጠዋት ልጅ አደርሳለሁ። ካውንስሎች ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በአብዛኛው በእኛ መኪና ነው። እኔ የማደርሰው ልጅ አይናገርም። ከረዳቱ ጋር ከኋላ ይቀመጣል፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት መንገድ ካልሄድን ይጨነቃል፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ መስታወቱን በመዳፉ ይመታል። እናቱ በመጀመሪያው ቀን ቀበቶውን አሥራለት በሩን ከመዝጋቷ በፊት ባጄን ቀና አድርጋ አነበበች፤ ፎቶውን ከፊቴ ጋር አስተያየች፤ በስልኳም አነሣችው። አልከፋኝም። የሚናገር አንደበት የሌለውን ልጇን ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ ሌላ ምን ልትይዝ ትችላለች?

ሉዊዝ ኬሲ በጁን 2025 ስለ ሕፃናት የወሲብ ጥቃት ባወጡት አገር አቀፍ ሪፖርት ይህን ከአካባቢ ውጭ የመሥራት ቀዳዳ መንግሥት እንዲዘጋውና መመዘኛውም እንዲጠብቅ ጠይቀዋል። እኔም እስማማለሁ፤ ግን አብሮ መምጣት ያለበት ነገር አለ። መመዘኛው በአገሩ ሁሉ አንድ ይሁን፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው የሚሠራበት ከተማ ይሁን፤ ማመልከቻ በስንት ሳምንት ምላሽ ማግኘት እንዳለበትም በሕግ ይወሰን። የመጨረሻው ካልተጨመረ ቀዳዳውን መዝጋት ብዙ ወገኖቼን ያለ ሥራ ያስቀራል። ስደተኛ የሚሞላው ያ የመሐላ ቅጽም መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይምጣ።

እስከዚያው፣ ሥራውን ሊጀምሩ አስበው ምክር ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምላቸው ይህን ነው። በከተማችሁ አመልክቱ። በመጀመሪያ የአገር ቤቱን ወረቀት አስጀምሩ፤ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው፤ ውክልናውን የምትልኩለት ዘመድ ደግሞ ሰልፍ የማይሰለቸው ይሁን። ስደተኛ ከሆናችሁ ስለ መሐላው መግለጫ ማንም እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የወንጀል መዝገባችሁን በየጊዜው ለማሳየት በሚያስችለው የኢንተርኔት አገልግሎት ቀኑ ሳያልፍ ተመዝገቡ፤ ካለፈ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ መነጽራችሁን አትርሱ። እንግሊዝኛው ካስፈራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የፈተናውን ጥያቄ አብረን እንለማመዳለን፤ ጋሼም ይመጣሉ፤ ስለ ቅጹ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያስረዷችኋል።